ሾፌሩ የሚባለው ስንዴ

ሐምሌ 14

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ራስሽን፣ ሆድሽን፣ ያንን የሰው አገር ብርድ ባየ ቁጥር የሚዘጋውን ጉሮሮሽን፣ ሁሉንም በየተራ እንደጠየቅሁ ቁጠሪልኝ። አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይባረክ። እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ከጡረታ ወዲህ ያገኘሁት አዲስ ሥራ ይኸው ነው።

«ለምን አይደውሉም?» ብለሻል። ስልክ ጥሩ ነው፤ ግን በስልክ ያወራሽውን ነገ ከመሳቢያ አውጥቼ ለሰው ላነበው አልችልም። ደብዳቤሽ የእኔ ብቻ መሰለሽ እንዴ? በመጣ ቁጥር አናጺው ሱቅ ይዤው እሄዳለሁ። አናጺው የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ስብሰባውም፣ ሐሜቱም፣ ደብዳቤውም እዚያው ፍቅፋቂው መሀል ሆኗል። መነጽሬን ጠርጌ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱም መጋዙን አስቀምጦ ያዳምጣል።

ዘሩ ገብቷል። የመንገድ ዳሩ ማሳም፣ ከወንዙ አጠገብ ያለው ታችኛውም፣ ሁለቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሾፌሩ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ከሩቅ የመጣ ሰው መጋዘኑ በር ላይ አገኘኝና «ሾፌሩ የሚባለው ስንዴ የት ይገኛል?» አለኝ። «ከፊትህ ቆሟል» አልኩት። ግራ ገብቶት ዞር ዞር ብሎ ያያል። እኛ ዘንድ ዘር የሚጠራው ባመጣው ሰው እንደሆነ የት ያውቃል! አውቶቡስ በምነዳ ጊዜ ከመቀመጫዬ ኋላ አስቀምጬ ያመጣኋት ያቺ አንዲት ጆንያ ዛሬ የሰፈሩን ማሳ ሁሉ ይዛለች። ሰው ስሙን በልጅ ያስጠራል፤ እኔ በስንዴም አስጠራሁ። በልጅ በኩል ደግሞ አንቺ አለሽልኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ስለ ሥራሽ ዘርዘር አድርገሽ ጻፊልኝ። እኔ ለአናጺው ቤት ሰዎች «የስንዴ ዶክተር ናት» ብያቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲጠይቁኝ ግን ሳል ይይዘኛል።

አጎትሽ


ነሐሴ 20

ለተከበሩት ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንደምን ከረመ? ለእሱም ሰላምታ ይድረሰው፤ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ቢቀጥረው ደስ ይለኛል። እትዬን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጉሮሮዬም በአንገት ልብስ ታስሮ ተቀምጧል።

ጋሼ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም። አለቃዬ ነው ዶክተሩ። የእኔ ሥራ ስንዴ ማሳመም ነው። አይሳቁ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው። የምንሠራበት ቤት ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት ነው፤ በሩ ደግሞ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። ስገባ ልብሴን እቀይራለሁ፤ ስወጣ ፀጉሬን ሳይቀር ታጥቤ ነው የምወጣው፤ ይዤው የገባሁት እስክሪብቶ እንኳ ተመልሶ አይወጣም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢጫ ዋግ ለሚባለው በሽታ ነው። ከየአገሩ በደንቡ መሠረት የተላኩ የስንዴ ዘሮችን እናበቅልና በበሽታው ቢጫ ዱቄት እንቀባቸዋለን። ከዚያ በቀዝቃዛና እርጥብ ክፍል እናሳድራቸዋለን። የትኛው እንደሚችለው፣ የትኛው እንደሚወድቅ ቅጠል በቅጠል የማየው እኔ ነኝ።

አለቃዬ በቀደም ሰው ፊት «የእሷ ዓይን ከማሽኑ ይቀድማል» አለ። ከማን እንደተማርኩት አልነገርኩትም። አውቶቡሱ ውስጥ ከአጠገብዎ ያለው የሞተር ኮፈን ላይ አስቀምጠውኝ ሲነዱ «ሞተር ከመታመሙ በፊት ድምፁ ይለወጣል፤ አዳምጪ» ይሉኝ አልነበረም? ቅጠልም እንደዚያው ነው።

አሁን ተራው የእኔ ነው፤ እኔም ላስቸግርዎ። ቅዝቃዜና ጤዛ ሲበዛ ማለዳ ወደ ታችኛው ማሳ ይውረዱ። ወንዝ ዳር ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ አይለቀውም፤ ዋግ ደግሞ እንደዚያ ያለ ቦታ ይወዳል። ቅጠሉን ገልበጥ አድርገው ይዩት። ቢጫ ዱቄት በመስመር በመስመር ተደርድሮ ካገኙ ወዲያው ይጻፉልኝ። ፎቶም ይላኩልኝ፤ ማሳው ናፍቆኛል፣ እርስዎም ናፍቀውኛል።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 2

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ፤ በሁለቱም በሮች አልፎ ይግባልሽ። ታጥቦ ይውጣ እንዳትዪ፤ ንጹሕ ሰላምታ ነው።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ስንዴ ታሳምማለች የሚለው ላይ ስደርስ የአናጺው ቤት በሳቅ ፈረሰ። «ልጅቱን አስተምረህ አስተምረህ ስንዴ እንድታሳምም ነው የላክሃት?» አሉኝ። እኔም ኮራ ብዬ «ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ ምን ያክማል?» አልኳቸው። አናጺው ሁለት በር ያለውን ቤት እንዴት እንደሠሩት ሲያስብ ዋለ። እንቁላል ነጋዴዋ ደግሞ «ከማሽን የምትቀድም ልጅ!» እያለች ለገበያው ሁሉ አዳርሳዋለች። በአጭሩ እዚህ ከእኔ ይልቅ ታዋቂዋ አንቺ ሆነሻል፤ ቅናት ብጤ ይዞኛል።

ያልሽኝን ፎቶ ይኸው ልኬልሻለሁ። መንገድ ዳር ባለው ማሳ ፊት ለፊት ነው የቆምኩት። ካፖርቱን አየሽው? ያው የሥራ ካፖርቴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ማሳ ስዞር እሱን ነው የምለብሰው። ስንዴው እንዴት እንደለመለመ እዪልኝ። አውቶቡስ ሲያልፍ ተሳፋሪው አንገቱን ያወጣል፤ ሾፌሮቹም ጥሩንባ ይነፉልኛል። ማኅበሩ የመጪውን ዓመት ዘር ግንቦት ላይ ይመርጣል፤ ምርጫም አይባል፣ ሁሉም ሾፌሩን ነው የሚለው።

እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ። አንድ ጎረቤት አለ፤ ስሙን ተዪው። ታችኛው ማሳው ትንሽ ቢጫ ቢጫ ብሎበታል። ማዳበሪያ ያነሰው መስሎት ዩሪያ ጨመረበት፤ ቢጫው ግን ባሰበት። እናንተ ዘንድ ደህና መድኃኒት ካለ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ብትልኪ ለሰውየው እሰጥለት ነበር። ለእኔ አይደለም፤ ለጎረቤቴ ነው።

አጎትሽ


ጥቅምት 16

ለተከበሩት ጋሼ፣

ጤናዎን ተመኝቼ፣ እጅዎን ስሜ፣ ዛሬ ሰላምታውን ላሳጥር። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ እኔም ዛሬውኑ እመልሳለሁ።

ፎቶውን ስከፍተው መጀመሪያ ኮራሁ። አቋቋምዎ ያው የድሮው ነው፣ አገጭዎ ቀና፣ ቁልፎቹ የተወለወሉ። ከዚያ ወደ ካፖርቱ ጫፍ ወረድኩ። ጋሼ፣ ከጉልበትዎ በታች ካፖርቱ ቢጫ ነው። እጅጌውም እስከ ክርንዎ ቢጫ ነው። የመንገድ አቧራ እንደዚያ አይልም። ከኋላዎ ያለው ስንዴ ደግሞ ንጹሕ አረንጓዴ ነው። ታዲያ ዱቄቱ ከየት መጣ? ያ ጎረቤትዎ የእርስዎን ካፖርት ይለብሳል እንዴ?

አልተቆጣሁም። ግን ጊዜ የለንምና ልንገርዎ። ከዛላው ሥር ያለችው የመጨረሻዋ ቅጠል እስካሁን አረንጓዴ ከሆነች ፍሬውን የምትመግበው እሷ ናት፤ እሷን ማዳን ይቻላል። መድኃኒት ከዚህ አልልክም። ለእናንተ የተፈቀደውና መጠኑ በራሳችን ቋንቋ የተጻፈበት እዚያው አለ። ለወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያዋ ዛሬውኑ ይንገሯት። ንፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ በጓንትና በጭምብል ይረጭ። ከመጠኑ ማሳነስ በሽታውን ማለማመድ ነው፤ መጨመርም ለሰው ጉዳት ነው። ከተረጨ በኋላ እስከ አጨዳ መቆየት ያለበትን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያንብቡ። ዩሪያውን ያቁሙ፤ ቅጠሉን ከልክ በላይ ሲያለመልመው ለዋጉ ምቹ ይሆንለታል። መንገድ ዳር ያለው ብቻ አይረጭ። ተሳፋሪው ባያየውም ታችኛውም የእርስዎ ነው። ለጎረቤቶችም ይንገሩ። ካፖርቱን ሳያጥቡ የሌላ ሰው ማሳ አይግቡ፤ ምንም እንኳ ከካፖርቱ ይልቅ ንፋሱ ብዙ ቢወስድም።

ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ዘንድሮ ከመጡልን ዘሮች አንዱ የእርስዎ ነው። ረድፉ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። እኔ ግን ቁጥሩን ሳላይ አወቅሁት፤ ከሥሩ ቀላ የሚለውን ቡቃያ እንዴት እረሳዋለሁ? በሽታው መልኩን ይለዋውጣል። ድሮ ሾፌሩን መድፈር ያቃተው ዋግ ሄዶ አሁን ሌላ ዓይነት መጥቷል። ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆነብኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ዘርቼ አየሁት፤ ያው ነው። ሾፌሩ ከእንግዲህ ይህን በሽታ አይችለውም። ዘሩን በመድኃኒት ማሸትም አያድነውም፣ ምክንያቱም ዋግ የሚመጣው በንፋስ እንጂ በዘር አይደለም። የሚያዋጣው ዘሩን መቀየር ነው።

ሰዎቹ እርስዎ ሲዘሩ ይዘራሉ፤ እርስዎ ካልተዉት አይተዉትም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ አናጺው ቤት ያንብቡልኝ። እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 18

ለተከበሩት ጋሼ፣

እንደምን አሉ? እትዬስ? የመጨረሻው ደብዳቤዬ ደርሶ ይሆን? መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሆነ ይንገሩኝ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። ደርሶ ከሆነም አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ስለ ስንዴ መጻፍ ካልፈለጉ ስለ ጉልበትዎ ይጻፉልኝ።

እዚህ በረዶ ጀምሯል። እኔ ደህና ነኝ፤ ፖስታ ሳጥኑን ግን ቀኑን ሙሉ ስከፍት ስዘጋ እውላለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 27

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አናጺው ቤት ሰላምታሽን አንብቤላቸዋለሁ፤ እነሱም ሰላም ብለውሻል።

መድኃኒቱን ረጭቻለሁ። አጨዳው አልቋል። መንገድ ዳር ያለው ማሳ ጥሩ ሰጥቷል። ስለ ዘሩ ጉዳይ ሌላ ጊዜ እንጻጻፋለን። ባለቤቴ ሹራብ ሠርታልሽ ነበር፣ ለብቻው እልክልሻለሁ።

አጎትሽ


ጥር 22

ለተከበሩት፣ ለምወድዎት ጋሼ፣

ሹራቡ ደርሶኛል፣ እትዬ እጇ ይባረክ። አሁን ለብሼው ነው የምጽፈው።

ደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቀልድ አጣሁ። ገልብጬ ጀርባውን ሳይቀር ፈለግሁ። «ሰላምታሽን አንብቤላቸዋለሁ» አሉኝ፤ ከሰላምታው በኋላ ያለውንስ? መንገድ ዳር ያለው ጥሩ ሰጠ አሉኝ፤ ታችኛውስ? አልጠይቅዎትም። ያልጻፉትን አንብቤዋለሁ።

እኔ ልጅ ሆኜ የነበረውን ዓመት ያስታውሳሉ? የሰፈሩ ስንዴ ሁሉ በዋግ አልቆ ሰው ገለባ ሲያጭድ የከረመበትን? እርስዎ ከአውቶቡስ መስመርዎ ጫፍ ያቺን ጆንያ ጭነው ሲመጡ ሰው ሁሉ ሳቀብዎ። «ሾፌር ስለ ዘር ምን ያውቃል?» አሉ። እኔ ኮፈኑ ላይ ሆኜ ሰማኋቸውና በእርስዎ ምትክ አኮረፍኩ፤ ያን ቀን ነው እርስዎ «አኩራፊዋ» የሚል ስም ያወጡልኝ። እርስዎ ግን አላኮረፉም። ይሉኝታ ሳይዝዎ ዘሩት። ያን ጊዜ የነበረው ዘር የሆነ ሰው ዘር ነበር፣ የሆነ ሰው ስም ነበረው። ያ ሰውዬ «የእኔ ይቅርና የሾፌሩ ይዘራ» ብሎ ባይፈቅድ ኖሮ ዛሬ ሾፌሩ የሚባል ስንዴ አይኖርም ነበር።

እኔ የምኮራው በስንዴው አይደለም፣ በዚያ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያመነታ ቀድሞ አዲስ ዘር በዘራው ሰው። ያ ሰው አሁንም እዚያው ካፖርት ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ዘሩም አይጠፋም። አለቃዬን ለምኜው በማከማቻችን ቀዝቃዛ ክፍል አስቀምጠነዋል፤ አገዳው ጠንካራ፣ ፍሬው ከባድ ስለሆነ አዳዲስ ዝርያ ለማዳቀል እንደ ወላጅ እንጠቀምበታለን። እንግዲህ ጋሼ አያት ሊሆኑ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ባለሙያዋን ዋግ የሚችሉ ዝርያዎች ይጠይቋት። አንድ ዓይነት ብቻ አይሁን፣ ሁለት ሦስት ይሁን፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲቆም። ከዝናቡ በፊት ሳይዘራ በራሱ የበቀለውን ስንዴ ከየጥጋጥጉ ይንቀሉት፣ ዋጉ የሚከርመው እሱ ላይ ነው። ሌላውን እርስዎ ያውቃሉ።

የእርስዎ አኩራፊ


ግንቦት 9

ለምወድሽ፣ ለምኮራብሽ ልጄ፣

በሰላምታ ላጥለቅልቅሽ አስቤ ነበር፤ ግን የምነግርሽ ነገር እያቅበጠበጠኝ ነው። ሁላችንም ደህና ነን፣ አንቺም ደህና ሁኚ፣ በቃ።

ጥር የጻፍሽው ደርሶኛል። ከዚያ ወዲህ ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም፤ ማኩረፍ ያንቺ ሙያ ነው። የምለው አጥቼ ነው። ታችኛው ማሳ የሰጠው ስንዴ አይባልም። አውድማ ላይ ስንበትነው ንፋሱ ገለባውንም ፍሬውንም ሳይለይ ይዞት ሄደ። ባለቤቴ መንሹን ተደግፋ «ይኸን ለዶሮ ብሰጣት እሷም ታኮርፈኛለች» አለች። መድኃኒቱን የረጨሁት ዘግይቼ ነው፤ መጀመሪያ የረጨሁትም ሰው የሚያየውን ነው።

የዘር ምርጫው ትናንት ነበር። አናጺው «እንግዲህ እንደተለመደው ሾፌሩ ነው። ተቃውሞ ያለው አለ?» አለ። ሁሉም እግር እግሩን ያያል። እኔ እጄን አወጣሁ። አናጺው ለድጋፍ ያወጣሁ መስሎት «ድጋፍ አይደለም፣ ጋሼ፣ ተቃውሞ ነው ያልኩት» አለኝ። «ገብቶኛል» አልኩና የጥቅምቱን ደብዳቤ አወጣሁ። መነጽሬን ጠረግሁ። ከሰላምታው ጀምሬ ሁሉንም፣ ካፖርቱንም፣ ዩሪያውንም፣ ጎረቤቱንም አነበብኩት። ጎረቤቱ ላይ ሳቁ። «ሾፌሩ ከእንግዲህ ይህን በሽታ አይችለውም» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ቆመ። አናጺው «ይበቃል፣ ይተዉት» አለ። «አይበቃም። ልጄ ጽፋ የጨረሰችውን እኔ አንብቤ መጨረስ ያቅተኛል?» አልኩና እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ከዚያ የሆነውን አልጠበቅሁትም። እንቁላል ነጋዴዋ ተነሳችና «የእኔም ቢጫ ሆኖ ነበር» አለች። ቀጥሎ አንዱ «የእኔም» አለ። ከዚያ ሌላው። ለካስ የሁሉም ቢጫ ሆኗል! ለካስ እያንዳንዱ በየማሳው ብቻውን ሲቃጠል ከርሟል! «ታዲያ ምን ነክቷችሁ ነው ዝም ያላችሁት?» ብዬ ጮህኩ።

አናጺው አንገቱን ደፋ። «ምን እንበል ጋሼ? ‹ሾፌሩ ታሟል፣ ሾፌሩ አልቆለታል› እያልን በየደጁ እናውራ? በቁምዎ ልናለቅስብዎት?»

መጀመሪያ እኔ ሳቅሁ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ሳቁ ሲያልቅ መነጽሬን እንደገና ጠረግሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አቧራ አልነበረም። አስቢው እስቲ፣ እኔን እንዳያስቀይሙ ብለው እህላቸውን አጡ፤ እኔም ስሜን ብዬ የእኔን አጣሁ። እንዲህ ያለ ክብር ይቅርብኝ።

ባለሙያዋ ሦስት ዓይነት ዘር አስመርጣናለች። «ከእንግዲህ ዘር በሰው ስም አይጠራም» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፣ በጭብጨባ አለፈ። ሌላም አለ። አናጺው የድሮ አውቶቡሴን የጎማ ቸርኬ በሩ ላይ ሰቅሎታል። ቢጫ ያየ ሰው፣ የራሱም ማሳ ይሁን የሌላ፣ መጥቶ በብረት ይደውላል። ማፈር የለም። ካፖርቴን ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አጥባዋለች።

አጎትሽ፣ የወደፊቱ አያት


ሰኔ 3

ለምኮራብዎት ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ይድረስ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ይዤው ገባሁና አለቃዬ አስጠነቀቀኝ፤ የገባ ወረቀት አይወጣም። ስለዚህ እዚያው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰዎቹ ምን እንደሚል ሲጠይቁኝ ቆሜ እተረጉምላቸዋለሁ። እጅዎን ያወጡበት ቦታ ላይ ስደርስ እኔም እጄን አወጣለሁ። አለቃዬ «እኛ ስንት ዓመት ስንሰብከው የኖርነውን ይህ ሰው በአንድ ስብሰባ ጨረሰው» አለ። «አጎቴ ነው» አልኩት።

ቸርኬው ሲደወል ይጻፉልኝ። በዝምታ አያስጨንቁኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 30

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉሮሮሽስ? ጉልበቴ በጣም አመስግንልኝ ብሎኛል፤ ዘንድሮ ታችኛው ማሳ ስወርድ ስወጣ ጎበዝ ሆኗል።

ቸርኬው አንድ ጊዜ ተደወለ። እንቁላል ነጋዴዋ ናት የደወለችው፣ መስከረም ላይ፣ ጤዛው ሳይረግፍ። ከሦስቱ ዘሮች አንደኛው፣ ቀጭኑ፣ ጥግ ላይ ጠብ ጠብ ያለ ቢጫ ታየበት። መጋዝ የያዘ መጋዙን፣ ማሰሮ የያዘች ማሰሮዋን ጥሎ መጣ። ባለሙያዋም መጣች፣ ጓንቱ ጭምብሉ ሁሉ ተለበሰ፣ ጥጉ ሳይውል ሳያድር ተረጨ፣ በሽታውም እዚያው ቆመ። ሌሎቹ ሁለቱ ዘሮች ምንም አልነካቸውም። ባለቤቴ አውድማ ላይ ፍሬውን በእፍኟ መዝና «ይኸማ ለዶሮ አይሰጥም» አለችና ለዶሮዎቹ ከገበያ የገዛችውን እህል ወሰደችላቸው። ገብቶሻል መቼም።

አሁን ቅሬታዬን ስሚ። ዘር በሰው ስም አይጠራም ብለን አጨብጭበን አልነበር? ትናንት ወፍጮ ቤት ተሰልፌ አንዲት የማላውቃት ሴት ባለወፍጮውን ስትጠይቀው ሰማሁ። «ያቺ አኩራፊዋ የምትባለው ስንዴ የት ትገኛለች? ዋግ አይደፍራትም አሉ» አለችው። ካልታመሙት ከሁለቱ አንዷን ነው የምትለው፤ ዛላዋን ወደ ጎን ዘንበል የምታደርገዋን። ጉድ አትዪም? ማን እንዳወጣው ጠይቄ ደረስኩበት። አናጺው ነው፤ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «የእርስዎ አኩራፊ» ያልሽውን በትከሻዬ አጮልቆ አንብቦት ኖሯል። ሰፈሩ በሙሉ ሲጠራት ከርሞ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት፤ እንዳልቀየም ፈርተው ነው አሉ። አይ እነዚህ ሰዎች!

ፎቶ ልኬልሻለሁ። ዘንድሮ የተነሳሁት ታችኛው ማሳ ላይ ነው፣ ወንዙ ጋ፣ አውቶቡስ በማያይበት። የካፖርቱን ጫፍ በደንብ እዪው፣ አጉልተሽ እዪው።

ሴትዮዋን ምን እንዳልኳት ልንገርሽና ልጨርስ። ሰልፉን ለቅቄ ሄድኩና «እኔ ጋ ትገኛለች» አልኳት። «ዘሯን እሰጥሻለሁ። ግን እሷን ብቻ እንዳትዘሪ፣ ሌላ ዓይነት ጨምሪባት። አንድ ቀን እሷም ያቅታታል፣ ያን ጊዜ ይሉኝታ ሳይዝሽ ተዪያት።»

«እንዴ! እርስዎ እንዴት አወቁ?» አለችኝ።

«ራሷ ናት የነገረችኝ» አልኳት፣ «ልጄ ናት።»

አጎትሽ